ድንበር ገፊ

ሆሊስተር ከተማ፣ ከስድስተኛው መንገድ፣
ሁለት ጎረቤቶች ተካሰሱ ላንድ ክንድ።
ክንድ እንኳ አይሞላም፤ ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው፣
ግን ድንበር ድንበር ነው፣ ሞት እንኳ የማይሽረው።

«ገፍቶኛል» አለች ዋንዳ፣ የሟች ቲሎትሰን ሚስት፣
«ይህን አጥር ባሌ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሦስት፣
ገመድ ወጥሮ ነው የተከለው፣ ቀጥ አድርጎ እንደ ቃሉ፤
ዛሬ ወገቡ ተሰብሮ ወደ እኔ ገብቷል እኩሉ።»

«እኔ?» አለ ኤውሴቢዮ፣ ለከተማው ሠላሳ አንድ ዓመት
ሲሚንቶ ያፈሰሰ ሰው። «በሌሊት አጥር ልነቅል? በየትኛው ጉልበት?
የጓሮዬን አፕሪኮት ለመልቀም እንኳ
መሰላሉን የምትይዝልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ እሷም ካለች ነዋ!»

እኔ የቀያሿ በትር ያዥ ነኝ፤
«ግራ» ስትለኝ ግራ፣ «ቀኝ» ስትለኝ ቀኝ፣
ደሞዜ የሚቆረጥልኝ ቀጥ ብዬ በመቆሜ ነው፤
ከዚህ የቀለለ ሥራ ያለው ካለ፣ እስኪ ይንገረኝ።

ለካን። ደገምን። በማግስቱ መጥተን ለካን።
አጥሩ ብቻ አይደለም፤
ከማዞሪያው ያለው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ
እንደ ሽሙጠኛ ከንፈር ጠሟል፣
የዋንዳ የጓሮ ደረጃ ከበሩ ፈቀቅ ብሏል፣
ኤውሴቢዮ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ በጣቱ የጻፈው
የስሙ መነሻ ፊደል፣
ራሱ ወዲህ እግሩ ወዲያ ሆኖ ቀርቷል።

ኦካሙራ ባርኔጣዋን አወለቀች።
«ገፊው ከሥራችሁ ነው የሚኖረው» አለች።
ካላቬራስ ይሉታል ስንጥቁን፤ በስፓኒሽ የራስ ቅሎች ማለት ነው፤
አብዛኛውን ዘመን ድምፅ የለው፣ ሰው አይቀሰቅስ ከእንቅልፉ፣
በዓመት የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል፤ ያችው ናት ግፉ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስንል ኖረን፣
ጫጩቱን ነበር ያሰብን።
ለካ ሳይፈለፈልም ይሄዳል!
ቅርፊቱ ይኸውና፣ ባንክና ነዳጅ ማደያ ተሸክሞ ይራመዳል፤
ከሥሩ ዐለት አለ፣ ዐለት ሆኖ ሳለ እንደ በረደ ማር የሚፈስ፣
አህጉር በጀርባው አዝሎ እፎይ የማይል፣ የማይተነፍስ፤
ከዚያም ሥር አስኳል፤ ቋንቋዬ ለዶሮዋም ለምድሯም አንድ ስም ሰጥቶት፣
ብረት ነው፤ ዳር ዳሩ ቀልጦ፣ መሐሉ ጠጥሮ ቀርቷል የዓለም ሸክም ተጭኖት።

አንድ ቀን፣ ቀን የሚለው ቃል እስከዚያ ካልሟሟ፣
ሎሳንጀለስ ከሳንፍራንሲስኮ ደጃፍ ትሰፍራለች፤
ያን ጊዜ ማን ማንን ይከሳል? የትኛዋ ከተማ «ገፋችኝ» ትላለች?
ዳኛውም፣ ችሎቱም፣ መዶሻውም
ከገፊው ጀርባ ላይ አይደሉም?

ዋንዳ ግን ይህን ሁሉ አልሰማችም።
አጥሩን በመዳፏ እየዳበሰች፣
«ታዲያ» አለች፣
«ባሌ ያቆመው የትኛው ነው? የፊተኛው ግማሽ ወይስ የኋለኛው?»
ኦካሙራ መሣሪያዋን አየች፣ መሬቱን አየች።
«ሁለቱም ሄደዋል፣ ወይዘሮ። ባለበት የቀረ የለም።»
እኔም በትሬን ይዤ፣ ቀጥ ብዬ፣
ምን ላይ እንደቆምኩ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬን ጠየቅሁት።

ዝም ተባባልን። አንዲት መኪና አለፈች።
«ያ አፕሪኮት» አለች ዋንዳ ኋላ ላይ፣ «ወደ እኔ እየመጣ ነው ማለት ነው?»
ኦካሙራ በእርሳስ አሰላች።
«ከጓዳዎ መስኮት ፊት ለመድረስ አራት መቶ ዓመት ይፈጅበታል።»
«እስከዚያ አረጃለሁ» አለች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው።

በመዝገቡ ላይ «ገፊ» ከሚለው ቃል ፊት ያለውን ባዶ፣ ባዶ ተውነው።
ዕቃ ጭነን ስንነሳ በመኪናው መስታወት አየሁት፣
ኤውሴቢዮ ባጥሩ ጉብጠት ላይ ሳጥን ሲያሻግር፣
ቢጫ ፍሬ፣ ገና ያልበሰለም የተቀላቀለበት፣
አራት መቶ ዓመት ቀድሞ።